ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል በጤና መኖር፦ በካምፕ ኑሮ፣ በካምፕ ዋጋ

(በካኩማ በሬዲዮ ከተላለፈ የጤና ትምህርት የታተመ)

 ይህን ንግግር በሬዲዮ የሰማችሁት እንድታስታውሱት፣ ያልሰማችሁት ደግሞ እንድታነቡት በወረቀት አትመነዋል። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ብታነቡላቸው ትልቅ ውለታ ነው።

የዛሬው ርዕሳችን ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ሳይመገቡ ስለመኖር ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ዓሣ የሌለበት አመጋገብ ማለታችን ነው። በውጭው ዓለም ይህን አመጋገብ በምርጫቸው የያዙ ሰዎች ቪጋን ይባላሉ። እኛ ግን ነገሩን ከድሮ ጀምሮ የምናውቀው "የጾም ምግብ" በሚል ስም ነው።

በካምፓችን በዚህ አመጋገብ የሚኖሩ ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኞቹ በሃይማኖታቸው ሥርዓት የሚጾሙ ናቸው። ሁለተኞቹ እንስሳ አንበላም ብለው በራሳቸው ፈቃድ የወሰኑ ሲሆኑ ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹም ወጣቶች ናቸው። ሦስተኞቹና ከሁሉም የሚበዙት ግን ሥጋና ወተት የሚገዙበት ገንዘብ ስለሌላቸው ብቻ የማይበሉ ናቸው። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ሆዱ አንድ ነው። ስለዚህ የዛሬው ምክራችን ለሦስቱም ነው።

በአገር ቤትና በካምፕ ያለው ልዩነት

ብዙ ሰው "አባቶቻችንና እናቶቻችን በዓመት ስንት ወር ጾመው ጤነኛ አልነበሩም ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለምእመናን የታዘዘው ጾም በዓመት 180 ቀን ገደማ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን አንርሳ።

የመጀመሪያው፣ በአገር ቤት ከጾሙ በኋላ ፍስክ ይመጣል። በፍስኩ ወራት ወተቱ፣ እርጎው፣ አይቡ፣ እንቁላሉ፣ አቅም ያለው ቤት ደግሞ ዶሮውና ሥጋው አለ። ሰውነት በጾም የጎደለበትን በፍስክ ይሞላል። በካምፕ ግን ፍስኩ ሲገባም ማዕዱ ያው ነው። ፍስክ ሲመጣ ወተት የማይገባበት ቤት ዓመቱን ሙሉ እንደሚጾም ይቆጠራል።

ሁለተኛው፣ በአገር ቤት የጾም ማዕድ ብዙ ዓይነት ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍና ተልባው፣ ስልጆው፣ ሰላጣው፣ ሎሚውና ቃሪያው በየተራ ይቀርባል። በካምፕ ግን የጾም ምግብ የሚባለው ብዙ ጊዜ ወደ ሻይ በዳቦ ወይም ወደ ደረቅ ኡጋሊ ይወርዳል። ይህ ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነትን አይገነባም።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ያለ እንስሳት ተዋጽኦ በጤና መኖር ይቻላል፤ ነገር ግን በካምፕ ውስጥ በራሱ አይሆንም፤ ታስቦበት መሠራት አለበት። ለማሰብ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

ካለፈው ምን እንማራለን?

የካምፕ ምግብ ጉድለት ምን እንደሚያመጣ የሚያሳዩ ሁለት የታወቁ ታሪኮችን እንጥቀስ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በምሥራቅ ሱዳንና በሶማሊያ ካምፖች ተጠልለው በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ስኩርቪ የሚባል በሽታ በብዛት ታይቶ ነበር። ድድ ያብጣል፣ ይደማል፤ እግርና መገጣጠሚያ ያማል፤ ሰውየው መራመድ ያቅተዋል። መንስኤው ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ በመጥፋቱ የተከሰተ የቫይታሚን ሲ እጥረት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ በማላዊ በነበሩ የሞዛምቢክ ስደተኞች ላይ ፔላግራ የተባለ በሽታ ተነሣ። ከ17,000 በላይ ሰዎች ታመሙ። ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳ ይጠቁራል፣ ይላጣል፤ ተቅማጥ ይከተላል፤ ሲብስ አእምሮን ያውካል። የራሽኑ ዋና እህል በቆሎ ነበር። በቆሎ ውስጥ ያለውን ኒያሲን የሚባል ቫይታሚን ሰውነት በቀላሉ አያገኘውም። ቀድሞ ጉድለቱን ይሞላላቸው የነበረው ኦቾሎኒ ነበር። የኦቾሎኒው እደላ ሲቋረጥ በሽታው መጣ።

ከሁለቱም ታሪኮች የምንማረው አንድ ነገር ነው። ሰዎቹን ከበሽታ ይጠብቃቸው የነበረው ሥጋ ብቻ አልነበረም። በአንደኛው የጠፋው ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ፣ በሌላኛው የጠፋው እፍኝ ኦቾሎኒ ነው። ትንሽና ርካሽ የሚመስል ነገር ከማዕድ ሲጎድል ጤና ይጎድላል፤ ትንሽና ርካሽ ነገር ሲጨመር ደግሞ ጤና ይመለሳል።

በየቀኑ መሟላት ያለባቸው አምስት ነገሮች

1ኛ. እህልና ጥራጥሬ አብረው ይቅረቡ

ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴና ሩዝ ለብቻቸው ሙሉ ገንቢ ምግብ አይደሉም። አተር፣ ምስር፣ ቦሎቄ፣ ማሾና ሽምብራም እንዲሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ግን አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። እንጀራ በሽሮ፣ ሩዝ በምስር፣ የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ የዚህ ምሳሌ ናቸው። ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን ጊቴሪ የሚሉት ምግብ የእኛው ንፍሮ ነው። መጠኑ ሦስት እጅ እህል ሲሆን አንድ እጅ ጥራጥሬ ይሁን። ጥራጥሬውን ሸጦ ስኳር መግዛት የሰውነትን ግንብ ሸጦ ቀለም እንደመግዛት ነው።

2ኛ. ደም የሚሆን ምግብ፣ ማለትም አይረን

አይረን በምስር፣ በቦሎቄ፣ በጤፍ፣ በማሽላና በአረንጓዴ ቅጠሎች ውስጥ አለ። ነገር ግን ከአትክልትና ከእህል የሚገኘውን አይረን ሰውነት የሚወስደው በጥቂቱ ነው። እንዲበዛ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ጥሬ ቃሪያ ወይም ማንጎ መብላት ነው። ሁለተኛው ቡናና ሻይን ከምግብ ሰዓት ማራቅ ነው። በቡናና በሻይ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር አይረንን ይይዘውና ሳይጠቅመን እንዲወጣ ያደርገዋል። ቡናችሁን ተዉ አንልም፤ ቡና ጠርቶ መጫወት የኑሮ ማጽናኛ ነው። ግን ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ አፍሉት። ለሕፃናት ደግሞ ሻይ ከነጭራሹ አይሰጣቸው።

ሊጡን በእርሾ አቡክቶ ማቆየትም ይረዳል። በእህል ውስጥ አይረንና ዚንክን አስሮ የሚይዝ ነገር አለ፤ ሊጡ ሲቦካ ይህ ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ ከደረቅ ቂጣ በደንብ የቦካ እንጀራ ይሻላል።

3ኛ. ቅጠልና ትኩስ ነገር

ሱኩማ ዊኪ፣ ቆስጣ፣ የኩንዴ ቅጠል፣ ኬንያውያን ምቺቻ የሚሉት አሉማ፣ ከተገኘም የሽፈራው ቅጠል በየቀኑ ከማዕድ አይጥፋ። አንድ ሰው በቀን አንድ ጭብጥ የተቀቀለ ቅጠል እንኳ ቢያገኝ ብዙ ነው። ቅጠሉን በንጹሕ ውኃ እጠቡ፤ ከዚያ ክተፉ፤ በጥቂት ውኃና በትንሽ ዘይት ከድናችሁ ለአጭር ጊዜ አብስሉ። ከትፎ በውኃ መዘፍዘፍ፣ ረጅም ሰዓት ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ቫይታሚኑን መድፋት ነው።

4ኛ. ለአጥንት የሚሆን ካልሲየም

ወተት ለማይጠጣ ሰው በአካባቢያችን ጥሩ ምትክ ዳጉሳ ነው። በገበያ ዊምቢ የሚባለው ማለት ነው። 100 ግራም ዳጉሳ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም ሲኖረው ያው 100 ግራም የላም ወተት 120 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። ሰውነት ከወተት የሚወስደው በቀላሉ ቢሆንም ዳጉሳን በገንፎ ወይም በአጥሚት መልክ አዘውትሮ መመገብ ይጠቅማል። ሱኩማና ያልተፈተገ ሰሊጥም የካልሲየም ምንጮች ናቸው።

5ኛ. ቫይታሚን ቢ12

ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡ። ቢ12 በእህል፣ በጥራጥሬና በአትክልት ውስጥ የለም። የእንጀራ እርሾም፣ ጎመንም፣ እንጉዳይም አይተኩትም። የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ወይም በፋብሪካ ከተጨመረበት ምግብ ወይም ከእንክብል ብቻ ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፤ ከአንድ ግራም ሚሊዮን እጅ ሁለት እንደማለት ነው። ይህች ጥቂት ስትጠፋ ግን ደም ያንሳል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ምላስ ይቆስላል፣ ማስታወስ ይቀንሳል። ጉበታችን ቢ12ን ለብዙ ጊዜ ስለሚያከማች ጉድለቱ ወዲያው አይታወቅም። ከዓመታት በኋላ ይገለጣል። ቶሎ ካልታከመ በነርቭ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ላይመለስ ይችላል።

ታዲያ በካምፕ ከየት እናምጣው? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከክሊኒክ የሚታደለው ፋፋ ነው፤ ሲኤስቢ ወይም ሱፐር ሲሪያል የሚባለው ማለት ነው። በቆሎና አኩሪ አተር ተደባልቆ ቫይታሚንና ማዕድን፣ ቢ12ም ጭምር ተጨምሮበታል። ሁለተኛው በሱቅ የሚሸጠው የታሸገ ዱቄት ነው። በኬንያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በፋብሪካ ታሽጎ የሚሸጥ የበቆሎና የስንዴ ዱቄት አይረን፣ ዚንክ፣ ፎሊክ አሲድ፣ ቢ12ና ሌሎችም ቫይታሚኖች እንዲጨመሩበት ግዴታ ነው። በማሸጊያው ላይ "ፎርቲፋይድ" የሚል ጽሑፍ ፈልጉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በራሽን ያገኛችሁትን ጥሬ እህል በሰፈር ወፍጮ ስታስፈጩ በዱቄቱ ላይ ምንም አይጨመርበትም። የወፍጮ ዱቄት ጥሩ ነው፤ ቢ12 ግን የለውም። ስለዚህ አቅም ካላችሁ የወፍጮውንና የታሸገውን ዱቄት አደባልቃችሁ ተጠቀሙ። ለብዙ ጊዜ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ያልበላችሁ ደግሞ ስለ ቢ12 እንክብል ወይም መርፌ የክሊኒክ ባለሙያ አማክሩ።

ስለ ዋጋው እንነጋገር

የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በዚህ ጽሑፍ ዋጋ አንጠራም። ዋጋን ማነጻጸር የሚቻልበትን መንገድ ግን እናሳያችኋለን።

አንድ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ወይም ምስር ከ200 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። አንድ ኪሎ አጥንት የሌለው ሥጋም 200 ግራም ገደማ አለው። አንድ ሊትር ወተት 33 ግራም፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ቦሎቄ በፕሮቲን ረገድ ከ6 ሊትር ወተት ወይም ከ30 እንቁላል ጋር ይመጣጠናል። ገበያ ስትወጡ የአንድ ኪሎ ቦሎቄን ዋጋ ጠይቁ፤ ከዚያ የ6 ሊትር ወተትንና የ30 እንቁላልን ዋጋ አስሉ። ልዩነቱን በራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ስለዚህ የዚህ አመጋገብ ወጪ ጥራጥሬው አይደለም። ኪስ የሚጎዱት ሦስት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ማገዶ፣ ትኩስ አትክልትና የወፍጮ ክፍያ።

ማገዶን መቆጠብ

- ቦሎቄና ሙሉ አተርን ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ጠዋት ውኃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውኃ ቀቅሉ። በጣም ቶሎ ይበስላል፤ ሆድም ብዙ አይነፋም።
- ቀይ ቦሎቄ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል መንተክተክ አለበት። በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል።
- እንዲበስል ብላችሁ ማጋዲ የሚባለውን አምቦላ መሰል ጨው አታብዙ። ማገዶ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል።
- በራሽን የምታገኙትን የአተር ክክ ለቅማችሁ፣ ጥቂት አመስ አድርጋችሁ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቅመማ ቅመም ጋር አስፈጩት። የራሳችሁ ሽሮ ይሆናል። ክኩን ለመቀቀል የሚፈጀው ከሰል ለብዙ ጊዜ ሽሮ መሥሪያ ይበቃል።
- ድስቱን ክደኑ። የተዘፈዘፈው ጥራጥሬ ለ20 ደቂቃ ያህል ከፈላ በኋላ ድስቱን ከእሳት አውርዳችሁ በብርድ ልብስ ወይም በጭድ በተሞላ ቅርጫት ጠቅልሉት። በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ከመበላቱ በፊት ግን እንደገና አፍሉት።
- ገንዘቡ ከተመጣጠነ ማሾን ምረጡ። ኬንያውያን ንዴንጉ ይሉታል። ከቦሎቄ ይልቅ ቶሎ ይበስላል።

የአካባቢያችን ሙቀት ከባድ ስለሆነ የበሰለ ወጥ አታሳድሩ። ለቀኑ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ።

አትክልት ሲወደድ፦ በቆልት

ቲማቲምና ሎሚ በሚወደዱበት ጊዜ ቫይታሚን ሲ በቤት ማብቀል ይቻላል። ደረቅ ጥራጥሬ ቫይታሚን ሲ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሲበቅል ግን ይፈጥራል። እናቶቻችን ጎንቆል የሚሉት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ሙሉ ማሾ ወይም ሙሉ ምስር ለቅማችሁ እጠቡ። በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ጠዋት አጥልላችሁ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ በጥላ አኑሩት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ነጭ ቡቃያ ያወጣል። ጀርም እንዳይኖረው ለሁለት ለሦስት ደቂቃ በፈላ ውኃ አብስላችሁ በሽንኩርትና በጨው ብሉት። ክክ የተደረገ ጥራጥሬ አይበቅልምና አትድከሙ። የማሽላ ቡቃያ ደግሞ መርዝነት ስላለው እንደ አትክልት እንዳትበሉት።

የጆንያ ጓሮ

ቦታ የሌለው ሰው በአንድ ጆንያ ማትከል ይችላል። ጆንያውን በአፈርና በደረቀ ፍግ ሙሉት፤ መካከሉ ላይ ከታች እስከ ላይ የጠጠር ዓምድ አድርጉ፤ ውኃው በጠጠሩ በኩል ወደ ሁሉም ይደርሳል። በጎኖቹ ቀዳዳ አውጥታችሁ ሱኩማና ቆስጣ ትከሉበት፤ ከላይ ቲማቲም ወይም ኩንዴ ይሁን። አትክልት ያጠባችሁበትን ውኃ አጠጡት። ብዙ ሳሙና ያለበትን ውኃ ግን አታፍስሱበት። በጥላ ሥር ወይም በዳስ ጥግ ብታደርጉት የቀትር ፀሐይ አያቃጥለውም።

የአንድ ቀን ማዕድ ምሳሌ

ጠዋት፦ የዳጉሳ አጥሚት፣ አንድ ማንኪያ የተወቀጠ ኦቾሎኒ የተጨመረበት። ፋፋ ለተፈቀደላቸው የፋፋ ገንፎ።

ቀትር፦ የማሽላ እንጀራ ወይም ኡጋሊ፣ በሽሮ ወይም በምስር ወጥ፣ ከጎኑ ሱኩማ፣ በላዩ የሎሚ ጭማቂ ወይም ጥሬ ቃሪያ።

ከሰዓት በኋላ፦ ምግቡ ከተበላ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቡና፤ ከቡናው ጋር ቆሎ።

ማታ፦ የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ፣ ወይም ሩዝ በማሾ፣ ከበቆልት ጋር።

ጨዋችሁ አዮዲን ያለበት ይሁን፤ ከድናችሁም አኑሩት። የራሽን ዘይት ቫይታሚን ኤ የተጨመረበት ስለሆነ ከፀሐይ አርቁት።

ይህ ሁሉ በየቀኑ አይገኝም ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው። የአንድ ሰው የቀን ራሽን የሚታቀደው በ2,100 ካሎሪ ነው። ነገር ግን ገንዘብ ሲያንስ እደላው ከዚህ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። የእህሉ መጠን ሲያንስ በዘዴ ብቻ አይሞላም፤ እሱን እንዲህ ነው ብለን አንሸፍንም። በእጅ ያለውን ጥቂት ግን በአግባቡ ማቀናጀት ከበሽታ ያተርፋል። ሁሉን ማድረግ ካልቻላችሁ ሦስቱን ያዙ፦ ጥራጥሬውን አትሽጡ፤ በቀን አንድ ጊዜ ቅጠል ወይም በቆልት ብሉ፤ ቡናና ሻይን ከምግብ አርቁ።

ለነማን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ሕፃናት። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ውኃም አይጨመር። ከ6 ወር ጀምሮ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠው፤ ጡትም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ በቀጭን አጥሚት ብቻ አያድግም። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ ወይም ሥጋ በየቀኑ ቢያገኝ ይመከራል። ይህ ካልተገኘ ከክሊኒክ የሚሰጠው የተጠናከረ ምግብ የግድ ያስፈልገዋል። ቤታችሁ ሥጋ የማይገባው ኪስ ስላነሰ ብቻ ከሆነ፣ ኦሜና የምትባለዋን ደረቅ ትንሽ ዓሣ ወቅጣችሁ አንድ ማንኪያ በሕፃኑ ገንፎ ውስጥ ጨምሩ። ከሥጋ በጣም ትረክሳለች፤ ቢ12ም አላት።

ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች። እናት ቢ12 ከጎደላት በጡቷ በኩል ለሕፃኑ አይደርሰውም። ሕፃኑ ይደክማል፤ መቀመጥና መዳህ ይዘገያል፤ አእምሮውም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የእርግዝና ክትትል አታቋርጡ። የሚሰጣችሁን የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል በየቀኑ ዋጡ፤ በውኃ እንጂ በሻይ አትዋጡት።

የታመሙና አዛውንት። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ፣ አረጋውያንም ምግባቸውን ከመቀነሳቸው በፊት ባለሙያ ያማክሩ።

አድማጮች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁን

ጥያቄ፦ ጾም ስለሆነ ልጄ ከክሊኒክ የተሰጠውን ምግብ ላቁምበት?

መልስ፦ አታቁሙ። ለሕፃናት ተብሎ የሚሰጠው ሱፐር ሲሪያል ፕላስና ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠው የኦቾሎኒ ቅቤ የመሰለው ፕላምፒ ነት የወተት ዱቄት አለባቸው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ለተጎዳ ልጅ መድኃኒት ናቸው። በልማድም ትናንሽ ልጆች ጾም አይያዙም። ነፍሰ ጡሮችና ሕሙማን ደግሞ ሐሳብ ካላቸው የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። አባቶች ለሕመምና ለድካም የሚሰጡት ፈቃድ አለ።

ጥያቄ፦ እኔ ጤነኛ አዋቂ ነኝ፤ በጾም ወራት ብቻ ብተው ቢ12 ያልቅብኛል?

መልስ፦ በፍስክ ወተት፣ እንቁላል ወይም ሥጋ የምታገኙ ከሆነ አያሳስብም፤ ጉበት ያከማቸው ይበቃል። የሚያሳስበው በፍስክም ለማያገኝ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ለጾም ብስኩት ገዝቼ ነበር፤ ወተት አለው ይሉኛል። እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ማሸጊያው ላይ "ሚልክ"፣ "ዌይ" ወይም "ኤግ" የሚሉትን ቃላት ማንበብ የሚችል ሰው እንዲያይላችሁ አድርጉ። ይሁንና ብስኩት ለጾመኛም ለማይጾመውም ገንቢ ምግብ አይደለም። በብስኩቱ ዋጋ ኦቾሎኒ ወይም ሙዝ ብትገዙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሥጋ አልበላም ብላለች። ላስገድዳት?

መልስ፦ አታስገድዷት፤ ግን አብራችሁ ይህን ወረቀት አንብቡ። ሥጋ መተው ቀላል ነው፤ በሥጋው ቦታ ምን እንደምትበላ ማወቅ ግን የእርሷም ኃላፊነት ነው። ከዚያም ስለ ቢ12 ወደ ክሊኒክ ይዛችኋት ሂዱ።

እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ ወደ ክሊኒክ ሂዱ

- የዓይን ቆብ ውስጡና መዳፍ ሲነጣ፤ ትንሽ ሲሠሩ ልብ ሲመታና ትንፋሽ ሲያጥር፤
- እጅና እግር ሲደነዝዝ ወይም መርፌ እንደሚወጋ ሲሰማ፤
- ድድ ሲያብጥና ሲደማ፤
- የአፍ ጥግ ሲሰነጠቅ፣ ምላስ ሲቆስል፤
- ሲመሽ ማየት ሲያስቸግር፣ ማለትም ዳፍንት፤
- የሁለቱም እግር እብጠት በሕፃን ላይ ሲታይ፤
- ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ልጅ የክንዱ ልኬት ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ። ከ11.5 በታች ከሆነ፣ ማለትም መለኪያው ቀይ ካሳየ፣ ያኔውኑ ውሰዱት፤ ለነገ አይባልም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ጎረቤት ለጎረቤት ቢተባበር ወጪው ይቀላል። ሦስት አራት ቤቶች ተባብረው ቦሎቄ በጆንያ ቢገዙ በኪሎ ከመግዛት ይረክሳል። በአንድ እሳት ተራ በተራ ቢቀቅሉ ከሰሉ ይተርፋል። አንዱ በቆልት ቢያበቅል፣ ሌላው ሱኩማ ቢተክል መለዋወጥ ይቻላል። በዓል ሲመጣ ለቅርጫ ወይም ለጠላ እንደምንሰባሰብ፣ ለዕለት ጉርሳችንም እንሰባሰብ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ንጹሕ ውኃ አያያዝ ይዘን እስክንቀርብ ድረስ ጤናችሁ ይጠበቅ፤ ቸር እንሰንብት።